ቀበቶውና አሮጌው መኪና፦ የመቶ አርባ ዓመት ቅኝት

ካርል ቤንዝ ባለ ሦስት ጎማ መኪናውን በጀርመን ያስመዘገበው በጥር 1886 ነው። ኤድዋርድ ክላግሆርን የተባለ የኒው ዮርክ ሰው ደግሞ ለደህንነት ቀበቶ የፈጠራ መብት ያገኘው በየካቲት 1885 ነበር። (ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዕድሜ ቀበቶው የመኪናው ታላቅ ነው። ይሁንና ሁለቱ በቅጡ እስኪገናኙ ሰባ ዓመት ያህል አልፏል። በዚያ ሁሉ ዘመን መኪኖች ያለ ቀበቶ ከፋብሪካ ሲወጡ ኖረዋል፤ ከእነዚያም ጥቂት የማይባሉት ዛሬም ጎዳና ላይ ናቸው።

ይህ ቅኝት የቀበቶን ረጅም ጉዞ ተከትሎ እነዚህ መኪኖች ዘንድ ይደርሳል። የሚመራንም አንድ ጥያቄ ነው፤ ቀበቶው ምን ላይ ታስሯል? አንዱ ጫፍ የሰውን አካል ይይዛል፣ ሌላው የመኪናውን። የቀበቶ ታሪክ በአመዛኙ የእነዚህ ሁለት ጫፎች ታሪክ ነው።

በመጀመሪያው ዘመን ቀበቶ ከመውደቅ የሚያግድ ማሰሪያ እንጂ ከግጭት የሚያድን መሣሪያ አልነበረም። የክላግሆርን ቀበቶ ሰውን ከማይነቃነቅ ነገር ጋር በመንጠቆ የሚያያይዝ ነው፤ ከፍታ ላይ ለሚሠራ ሰው የታሰበ ይመስላል። ሰው መብረር ሲጀምር ያው ሐሳብ አብሮት ወጣ። በ1910 በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ የአሜሪካ ጦር ብቸኛ አውሮፕላን አብራሪ የነበረው ቤንጃሚን ፉሎይስ ነፋስ ከመቀመጫው ሊነጥለው ሲታገለው ጊዜ በጦሩ ኮርቻ ሠሪ ጠፍር አሠርቶ ወገቡን ከወንበሩ ጋር አሰረ። ፈረሰኛው ከኮርቻው፣ አብራሪው ከመቀመጫው እንዳይወድቅ፤ ሐሳቡ እዚያ ላይ ቆሞ ነበር።

መኪናው ግን በምድር ላይ የሚሄድ ነውና አደጋው እንደ መውደቅ አልታየም። ነገሩን በቁጥር ስናየው ግን ያው መውደቅ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ከግድግዳ ጋር የተላተመ ሰው የሚደርስበት ምት ከአሥር ሜትር ገደማ ከፍታ ቢወድቅ ከሚደርስበት ጋር እኩል ነው፤ ከሦስተኛ ፎቅ እንደ መውደቅ ማለት ነው። ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት በእጁ ተደግፎ ሊተርፍ የሚያስብ ሰው የለም። በመሪና በክሩስኮቶ ተደግፌ እቋቋመዋለሁ ብሎ የሚያስብ ግን ዛሬም ሞልቷል።

ይህን ግንዛቤ ወደ ሳይንስ ካሸጋገሩት ሰዎች ሁለቱን መጥራት ይበቃል። ሂው ደሄቨን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በ1917፣ የበረራ ሠልጣኝ ሳለ በአየር ላይ ግጭት ወድቆ ተረፈ። የውስጥ አካሉን ግን ክፉኛ ተጎዳ፤ የጎዳውም የራሱ ቀበቶ መቆለፊያ እንደሆነ አመነ። ቀሪ ዘመኑን ሰው በአደጋ ውስጥ ለምን እንደሚሞትና ለምን እንደሚተርፍ በማጥናት አሳለፈ፤ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው ምርምርም የዘርፉ መነሻ ሆነ። ሁለተኛው ሐኪሙ ጆን ፖል ስታፕ ነው። በታኅሣሥ 1954 በኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ በሮኬት በሚገፋ መንሸራተቻ ላይ ታስሮ በሰዓት 1,017 ኪሎ ሜትር ከከነፈ በኋላ በ1.4 ሴኮንድ ውስጥ ቆመ። አካሉ ከክብደቱ 46 እጥፍ የሚሆን ጫና ተሸክሞ በሕይወት ተረፈ። በሚገባ የታሰረ ሰው ምን ያህል ሊቋቋም እንደሚችል ይህ ጠንካራ ማስረጃ ሆነ። ደሄቨን ክፉ ቀበቶ ምን እንደሚያደርግ አሳየ፤ ስታፕ ጥሩ ቀበቶ ምን እንደሚችል።

በዚሁ ጊዜ የመኪና ገበያው ዳር ዳር ይል ነበር። ናሽ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1949 የወገብ ቀበቶ አቀረበ፤ ብዙ ገዢ ግን አልፈለገውም። ፎርድ ለ1956 ሞዴሎቹ በተጨማሪ ክፍያ የሚገጠም ቀበቶ አዘጋጀ። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። በዚያ ዘመን ቀበቶ የሚፈልግ ሰው ከሱቅ ገዝቶ፣ ጋራዥ ወስዶ፣ ወለሉን አስበስቶ ያስገጥም ነበር። ስለዚህ ዛሬ በአሮጌ መኪና ላይ ቀበቶ መጨመር ባዕድ ነገር መለጠፍ አይደለም፤ ቀበቶ ወደ መኪና የገባው ራሱ በዚህ በር ነው።

ታላቁ መታጠፊያ የመጣው ከስዊድን ነው። ኒልስ ቦሊን በሳብ ኩባንያ የአውሮፕላን አብራሪን ከነወንበሩ አስፈንጥሮ የሚያወጣ መቀመጫ ሲነድፍ ቆይቶ በ1958 ወደ ቮልቮ ተዛወረ። በዘመኑ ሁለት ዓይነት ቀበቶ ይታወቅ ነበር፤ ወገብን የሚይዝና ደረትን በሰያፍ የሚያቋርጥ። የመጀመሪያው ሰውነት ከወገብ በላይ እንዲወነጨፍ ይተዋል፤ ሁለተኛው ሰውነት ከሥር እንዲሾልክ ይፈቅዳል። ቦሊን ሁለቱን በአንድ ጠፍር አገናኘ፤ መቆለፊያውን ከሆድ ላይ አንሥቶ ከዳሌ ጎን ወደ ታች አወረደው፤ በአንድ እጅ እንዲታሰርም አደረገው። ጫናውን የሚቀበሉት እንግዲህ የዳሌ፣ የደረትና የትከሻ አጥንቶች ሆኑ፤ ደሄቨንን የጎዳው የሆድ ላይ መቆለፊያ ቀረ። ይህ ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የተገጠመለት የመጀመሪያው ቮልቮ በነሐሴ 1959 ክሪስቲያንስታድ በተባለች የስዊድን ከተማ ለሻጭ ተሰጠ። ኩባንያው የፈጠራ መብቱን ሌሎች አምራቾች እንዲጠቀሙበት ክፍት አደረገው። በእኔ እምነት ይህ በመኪና ኢንዱስትሪ ታሪክ ከተወሰኑት ውሳኔዎች ሁሉ ብዙ ነፍስ ያተረፈው ነው።

ፈጠራው ተገኘ፤ ሕጉ ግን በዝግታ ተከተለ። በአሜሪካ የመኪኖችን አደገኛነት ያጋለጠው የራልፍ ናደር መጽሐፍ በ1965 ወጥቶ ሕዝቡን ቀሰቀሰ፤ በ1966 የተሽከርካሪ ደህንነት ሕግ ጸደቀ፤ ከጥር 1968 ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪኖች ቀበቶ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። ቀበቶ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ መታሰሩ ሌላ። ማሰርን በሕግ ያስገደደው የመጀመሪያው መንግሥት በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት ሲሆን ጊዜውም የ1970 መጨረሻ ነው። ብሪታንያ በ1983፣ ኒው ዮርክ በ1984 መጨረሻ ተከተሉ። በአገራችን የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208፣ በ2003 ዓ.ም. የወጣው፣ ቀበቶ ማሰርን ከአሽከርካሪ ግዴታዎች አንዱ አደረገው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ከፊት ለተቀመጠ ሰው የሞትን አደጋ እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

እስካሁን ያየነው ሲጠቀለል፣ ቀበቶ ከጠፍርነት ወደ ሳይንስ፣ ከሳይንስ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ሕግ ተጉዟል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ግን አንድ ክፍተት ቀረ። ቀበቶ ይገጠም የሚሉት ሕጎች የሚጀምሩት መኪናው ከተሠራበት ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራው በነበረበት ይታለፋል። በብሪታንያ ያለ ቀበቶ የተሠራ ጥንታዊ መኪና ዛሬም በሕጋዊ መንገድ ይነዳል፤ ነገር ግን ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሊሳፈርበት አይችልም፤ ከዚያ በላይ ያለ ልጅም ከኋላ ወንበር ብቻ ነው የሚቀመጠው። ሕጉ መኪናውን ከማረው በኋላ ልጁን አልተወውም፤ ይህን ማድረጉ ትክክል ነው።

ለእኛ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሌላው ዓለም አሮጌ መኪናን ለእሑድ ሽርሽር ሲያስቀምጥ፣ አዲስ መኪና መግዛት ከብዙ ሰው አቅም በላይ በሆነበት በአዲስ አበባ ቮልስ ለዘወትር ሥራ ይወጣል። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ በ2003 በሜክሲኮ ምርቷ የቆመው ይህች መኪና በታሪካችንም ውስጥ አለች፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ዛሬ የዚያ ትውልድ መኪና ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ከመርካቶ ዕቃ ይጭናል። ስለዚህ የቀበቶው ጥያቄ እኛ ዘንድ ከሌላው የበለጠ ይከብዳል።

ቮልስን ምሳሌ አድርገን ጠጋ ብለን እንመልከት። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ከሆነ፣ ከሾፌሩ ትከሻ ጎን ባለው የበር ምሰሶ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ውታፍ ሊኖር ይችላል። ውታፉ ሲነቀል ጥርስ ያለው የብሎን ቀዳዳ ብቅ ይላል፤ ፋብሪካው ለቀበቶ ያዘጋጀው ማሰሪያ ነው። ለዓመታት አቧራና ቀለም ሞልቶት ይሆናል፤ ሲጠረግ ግን ብሎኑን ይቀበላል። የተለመደው የቀበቶ ብሎን ውፍረቱ የኢንች 7/16 ነው፤ ለሌላ ሥራ የተሠራ ተራ ብሎን ምትኩ አይሆንም።

ፋብሪካው ቀዳዳ ባላበጀበት መኪና ላይ ሥራው ይጠነክራል። ስስ ላሜራ ተበስቶ በብሎንና በሮንዴላ ብቻ የተያዘ ቀበቶ በግጭት ጊዜ ላሜራውን ቀዶ ይወጣል፤ ያሰረ መስሎት ያላሰረ ሰው ማለት እንዲህ ነው። ጫናውን የሚያከፋፍል ወፍራም ብረት ከላሜራው ጀርባ መግባት አለበት፤ ላሜራው ራሱም ጤነኛ መሆን አለበት። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ የፈሰሰ አሲድ የዚያን ቦታ ወለል ሲበላው ይኖራል፤ በበሩ ሥር የሚያልፈው የሞቀ አየር ቦይም የታወቀ የዝገት ቤት ነው። የቀበቶ ማሰሪያዎች የሚያርፉት ደግሞ በእነዚሁ ቦታዎች አካባቢ ነው። ስለዚህ ሥራው ከመካኒኩ በፊት የባትላሜራው ነው።

የማሰሪያው ከፍታም ወሳኝ ነው፤ የላይኛው ማሰሪያ ከትከሻ ዝቅ ካለ ጠፍሩ አከርካሪን ወደ ታች ይጫናል። ጣሪያው በሚከፈት መኪና ላይ ምሰሶው ስለሌለ ብዙ ሰው በወገብ ቀበቶ ይወሰናል፤ ከባዶ እጅግ ይሻላል፣ ነገር ግን ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ ዝቅ ብሎ ካልታሰረ የውስጥ አካልን ይጎዳል። ራሱን የሚጠቀልለው ቀበቶ የሚቆለፈው በውስጡ ያለች ትንሽ ክብደት ስትዘነበል ስለሆነ፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የተሠራው ተዘቅዝቆ ወይም ተጋድሞ ከተገጠመ ሥራውን አይሠራም። የቀደምት ቮልሶች የፊት ወንበር ጀርባ ሳይቆለፍ ወደፊት ይታጠፋል፤ ቀበቶ ሲታሰብ ይህም መታየት ይኖርበታል። የቀረውን ዝርዝር ለባለሙያው እተወዋለሁ።

የጥንት መኪና ወዳጆች ቀበቶ የመኪናውን ጥንታዊነት ያጎድፋል የሚል ሥጋት አላቸው። መኪናን በፋብሪካ መልኩ ጠብቆ ማቆየት የሚከበር ሙያ ነው። ይሁን እንጂ ቀበቶው በሚገባ ከተገጠመ በኋላ ሊፈታ የሚችል ነገር ነው፤ የሰው አንገት ግን መለዋወጫ የለውም። ደግሞም የብዙዎቹ መኪኖች ሠሪዎች ቀዳዳውን አዘጋጅተው ትተውልናል። ቀዳዳውን መሙላት ከሐሳባቸው ጋር መስማማት እንጂ መጻረር አይደለም።

በመለዋወጫ ገበያው በሶማሌ ተራ ያገለገለ ቀበቶ ርካሽ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ግጭት የተሸከመ ጠፍር ግን ተለጥጧልና ሁለተኛ አያድንም፤ ፀሐይ ያነጣውና ዳሩ የተበጣጠሰውም እንዲሁ። ቢቻል አዲስ ይገዛ። አሮጌ መኪና ያለዎት አንባቢ ሆይ፣ መኪናዎን ለቀለም ወይም ለወንበር ልብስ ጋራዥ በሚያስገቡበት ቀን፣ ወንበሮቹ ወጥተው ወለሉ እርቃኑን በሚታይበት በዚያች ሰዓት፣ የቀበቶ ማሰሪያዎቹን ቦታ ያስፈትሹ። ቀለሙ ይቆይ።