ዋልያና አዳኙ

በመካከለኛው እስያ፥ በፓሚር ተራሮች ላይ፥ ቀንዱ እየተጠማዘዘ የሚያድግ ትልቅ የዱር በግ አለ። ማርኮ ፖሎ በ13ኛው መቶ ዓመት በዚያ ሲያልፍ እረኞች ከቀንዱ የመመገቢያ ገበታ እንደሚሠሩ ጽፎአል። በአገራችን የዱር በግ የለም፤ ዘመዱ የሆነ የዱር ፍየል ግን በስሜን ገደል ላይ ይኖራል፤ አባቶቻችንም ከቀንዱ ዋንጫ ሠርተው ጠጥተውበታል። ይህ እንስሳ ዋልያ ነው። ዛሬ ስሙን የማያውቅ የለም፤ የብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን እንኳ የሚጠራው በእርሱ ነው። በዓይኑ ያየው ግን ጥቂት ሰው ነው፤ ከስሜን በቀር በዓለም በሌላ ስፍራ አይገኝምና።

ስሜንን ያየ ሰው ይህ ለምን እንደ ሆነ አይጠፋውም። ከሳንቃ በር ተነሥቶ በግጭ ሜዳ በኩል ወደ ጨነቅና ወደ ቧሒት የሚሄድ መንገደኛ፥ በስተ ግራው ምድር በድንገት ስታልቅበት ያያል፤ ከእግሩ በታች ከ1000 ሜትር በላይ የሚወርድ ገደል ይከፈታል። በዚህ ገደል ወገብ ላይ ሣርና ቁጥቋጦ የበቀለባቸው ጠባብ እርከኖች አሉ። የዋልያ ቤት እነዚህ ናቸው። ወንዱ ከ100 ኪሎ ግራም የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ ወደ ኋላ የታጠፈው ቀንዱም እስከ አንድ ሜትር ይደርሳል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሰው እጁን እንኳ ሊያሳርፍበት በማይችል ድንጋይ ላይ ሲራመድ ማየት የሚያስደንቅ ነው። ጧትና ማታ ለግጦሽ ብቅ ይላል፤ ሲደነግጥ ወደ ገደሉ ይወርዳል።

ጦርና ውሻ ብቻ የያዘ አዳኝ በዚህ ስፍራ ብዙ ሊሠራ አይችልም ነበር። ጦር የሚወረወረው ቅርብ ነው፤ ውሻም ገደል አይወርድም። ስለዚህ ገደሉ ለዋልያ አምባ ሆኖለት ኖረ፤ ለሰውም እንዲሁ ነበር፤ የስሜን ገዥዎች በየጊዜው ጠላት ሲበረታባቸው የሚሸሸጉት በእነዚሁ አምባዎች ነውና። ደግሞም በዋልያ መግደል ስም የሚያተርፍ አልነበረም። ግዳይ የሚባለው ዝሆን፥ አንበሳ፥ አውራሪስና ጎሽ ነው፤ የሚፎከርባቸውም እነርሱ ናቸው። ዋልያን የሚያድን ሰው ሥጋውን፥ ቆዳውንና ቀንዱን ፈልጎ እንጂ ለሹመት ወይም ለሽልማት አልነበረም። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ለምን ማንም ሳይቈጥረው እንዳለቀ በከፊል ያስረዳናል።

ደጃዝማች ውቤ ስሜንን ይገዙ በነበረበት ዘመን፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ፥ ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ የተፈጥሮ ሊቅ በዚያ ተጓዘ። የሰበሰባቸውን አራዊትም ወደ ተወለደበት ወደ ፍራንክፈርት ከተማ ወሰደ። በ1835 ይህን የዱር ፍየል ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ አዲስ ስም አልፈለገለትም፤ ባላገሩ የሚጠራውን «ዋልያ» የሚለውን ስም በላቲኑ መጠሪያ ውስጥ አስገባው። የአገሬውን ስም አጥፍቶ የራሱን ወይም የጌታውን ስም የሚተካ ፈረንጅ በበዛበት ዘመን ይህን ማድረጉ የሚመሰገን ነው።

ከሩፔል በኋላ የመጣው ግን ጠመንጃ ነው። ፓወል ኮተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአዋሽ ሜዳ ተነሥቶ እስከ ስሜን ተጓዘ፤ በ1902 ያሳተመው መጽሐፍም ገና በርእሱ ከዝሆን እስከ ዋልያ ያለውን አደን እንደሚተርክ ያስታውቃል። ከየጉዞው ያመጣቸው አራዊት ዛሬም በኬንት አውራጃ በሚገኘው ቤተ መዘክሩ ይታያሉ። እንዲህ ያለውን አዳኝ ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እርሱ ጥቂት ገድሎ ሄዷል፤ ውጅግራውና ምንሽሩ ግን በየባላገሩ ቤት ቀረ። ከማዶ ገደል ሆኖ ለሚተኩስ ሰው የዋልያ አምባ አምባነቱ አበቃ። ከዚህም የሚከፋው፥ በእርከን ላይ የተመታው እንስሳ ብዙ ጊዜ ማንም ወርዶ ወደማያነሣው ጥልቅ ገደል መውደቁ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ጠመንጃም ረኀብም በተራራው ላይ በበዛ ጊዜ፥ ቁጥሩ እጅግ እንደ ቀነሰ ይነገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳናነሣ ብናልፍ አንባቢ ይታዘበናል። በጣልያን አገር በአልፕስ ተራሮች ላይ የዋልያ ወንድም የሆነ የዱር ፍየል ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያዳነው ራሱ አደን ወዳድ የነበረው ዳግማዊ ቪክቶር ኢማኑኤል ነው፤ በ1856 ግራን ፓራዲዞ የተባለውን ተራራ ለራሱ አደን ከልሎ ዘበኛ አቆመበት። የልጅ ልጁ ሣልሳዊ ቪክቶር ኢማኑኤል ደግሞ ተራራውን ለመንግሥት ሰጠ፤ በ1922ም ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በስሙ አገራችን የተወረረችው፥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ያለውም ይኸው ንጉሥ ነው። የራሱን የዱር ፍየል አስጠብቆ፥ በእኛዪቱ ተራራ ግን ሰውም እንስሳም እንዲያልቅ ምክንያት ሆነ።

ሕግ አልነበረም ማለት አይደለም። በአውሮፓ 1944 የአደን አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀት ገደል አይወርድም። በ1950ዎቹ ዓመታት የተፈጥሮ ሊቃውንት ስሜንን ሲመረምሩ የቀሩት ዋልያዎች ከ150 እስከ 200 ብቻ መሆናቸውን ገመቱ። በ1962 ዓ.ም. ስሜን ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከሐዋሳ በስተ ምሥራቅ በአርሲና በባሌ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን በተከለሉ ስፍራዎች በፈቃድና በክፍያ ይታደናል፤ ዋልያን ግን ማንም እንዲገድል አይፈቀድም።

በፓርኩ የመጀመሪያው የጥበቃ ኃላፊ ኒኮል የሚባል የዌልስ ተወላጅ ነበረ። ጠመንጃ የያዘውን ሲያሳድድ ቈይቶ፥ ከጠመንጃው ይልቅ መጥረቢያውና ማረሻው እንደሚያስፈሩት ተረድቶ ሄደ። እኛም የምንስማማው ከእርሱ ጋር ነው። ጥይት ያነሰውን መንጋ ዘመናት ሊያበዙት ይችላሉ፤ የታረሰውን ዳገት ግን ጐርፍ ወስዶ ይጨርሰዋል።

ይሁን እንጂ ያ አራሽ ክፉ ሰው አይደለም። ፓርኩ ከመከለሉ እጅግ አስቀድሞ በዚያ የኖረ፥ ገብሱን በብርድ የሚያበቅል ባላገር ነው። በደርግ ዘመን ከገደሉ ግርጌ የነበሩ ሰዎች በግድ ከቀያቸው ተነሡ። ያን ጊዜ የተነሣው ቂም በቀላሉ አልበረደም፤ በኋላም ጦርነቱ ተራራውን በያዘው ጊዜ ለፓርኩ የሚቆረቈር ሰው አልተገኘም። በ1989 ዓ.ም. ስሜን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ተጻፈ። ከዚያም ጥበቃው ተጠናከረ፤ ዋልያውም በዛ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ሰፊውን ሜዳቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ በዓመቱም፥ በ2009 ዓ.ም.፥ ስሜን ከአደጋው መዝገብ ተፋቀ።

ግጭ ላይ ገብስ አብቅሎ፥ በግ አርብቶ ያደገ ሰው አሁን በከተማ ዳር ይኖራል። እርሱ የለቀቀው ሜዳ ግን ሰላም ሳያገኝ፥ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት እስከ ደባርቅ ደጃፍ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የዋልያው ቁጥር እንደገና ማነሱ ተዘግቧል።