ርካሿ ዲኮደርና የድምፅ ታሪክ

እህቶች፣ በዚህ እትም የማወራችሁ ስለ ዲኮደር ነው። ዲኮደር ስል ግን ማዳም ቤት ከዲሹ ጋር የተያያዘውን ሪሲቨር ማለቴ አይደለም። ቁጥር ሆኖ የተቀመጠን ድምፅ መልሳ የሚሰማ ድምፅ የምታደርገውን ዕቃ ነው። በእጅ ስልካችን ውስጥ አለች፣ ኮምፒውተር ውስጥም አለች። ለብቻዋም የክብሪት ሳጥን የምታህል ሆና በጥቂት ዶላር ትሸጣለች። በአንድ ጎኗ ከቴሌቪዥን የሚመጣ የብርሃን ገመድ ይገባል፣ በሌላው ጎኗ ቀይና ነጭ ገመድ ወጥቶ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል።

እኛ ማኅበር ውስጥ ይህች ሳጥን ለዘፈን ብቻ አይደለም የምታገለግለው። ከኛ ቀድመው ወደ ቤይሩት የመጡ እህቶች፣ ስልክ ውድ በነበረበት ጊዜ፣ ከአገር ቤት በካሴት የተቀዳ ድምፅ ይላክላቸው ነበር። ደብዳቤ መጻፍ የማይችሉ እናቶች ቴፕ ፊት ቁጭ ብለው ይናገራሉ፣ ይመርቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ካሴቶቹን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ከጀመርን ወዲህ በዚህችው ሳጥን እናዳምጣቸዋለን። ግን ከድምፁ ሥር እዝዝ የሚል ነገር ነበረ፣ የአባቶችም ድምፅ ቀጥኖ የልጅ ይመስል ነበር። አንድ ጠጋኝ «ውስጧ ያለው ቺፕ ካልተቀየረ አይሆንም» ብሎ የሳጥኗን ሦስት እጥፍ ጠየቀን። እኔ ደግሞ ከመክፈላችን በፊት ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ፈለግሁ።

ድምፅን ወደ ቁጥር የመለወጥ ሐሳብ የመጣው ከሙዚቃ ሰዎች አይደለም፣ ከስልክ ሰዎች ነው። በ1937 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ይሠራ የነበረ አሌክ ሪቭስ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ስለ አንድ ችግር ያስብ ነበር። የሩቅ ስልክ ድምፅ መንገድ ላይ ስለሚደክም በየቦታው ማጉያ ይደረግለታል። ማጉያው ግን አብሮ የገባውንም ጫጫታ ያጎላዋል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ጫጫታው ይከማቻል። ሪቭስ ያመጣው መላ ድምፁን ራሱን መላክ ትቶ፣ መጠኑን በየቅጽበቱ ለክቶ ቁጥሩን መላክ ነው። ቁጥር መንገድ ላይ ቢቆሽሽም፣ አንድ ይሁን ዜሮ እስከተለየ ድረስ እንደ አዲስ ይጻፋል። ዘዴው ፒሲኤም ይባላል። በዘመኑ የነበሩት የመስታወት ቱቦዎች ውድ ስለነበሩ ወደ ተራው የስልክ መሥመር የገባው ትራንዚስተር ከመጣ በኋላ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ1962። ዛሬ የቴሌቪዥኑን ሴቲንግ ስትከፍቱ የድምፅ መውጫው ላይ «ፒሲኤም» የሚል ምርጫ ታያላችሁ። ያ ዘዴ የሪቭስ ነው። ሳጥናችሁ ጭራሽ ድምፅ እምቢ ካለች መጀመሪያ እዚያ ግቡና ፒሲኤምን ምረጡ። ርካሾቹ ሳጥኖች ብዙውን ጊዜ ሌላውን ዓይነት ማንበብ አይችሉም።

ቁጥሩ ቤት ለቤት የገባው በሲዲ ነው። ሶኒና ፊሊፕስ ተስማምተው ባወጡት ደንብ መሠረት ድምፁ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፣ እያንዳንዱም ልክ ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ማጫወቻ፣ የሶኒው ሲዲፒ-101፣ በጥቅምት 1982 ጃፓን ውስጥ በ168,000 የን ለገበያ ቀረበ። የሀብታም ዕቃ ነበር። ግን ሀብታሙም ዕቃ ውስጡ ቁጠባ ነበረበት። ዲኮደር ቺፕ ውድ ስለነበረ ሶኒ አንዱን ቺፕ ለግራና ለቀኝ ጆሮ በየተራ አሠራው። ፊሊፕስ ደግሞ በእጁ የነበረው ባለ 14 ቢት ቺፕ ነው፤ ደንቡ የሚለው 16 ነው። መሐንዲሶቹ ተስፋ አልቆረጡም። ቁጥሮቹን በማጣሪያ አሳልፈው ፍጥነቱን አራት እጥፍ አደረጉትና፣ ስሕተቱ ጆሮ ወደማይሰማው ከፍታ ስለተበተነ ባለ 14ቱ ከባለ 16ቱ ጋር ተቀራረበ። እንግዲህ ደካማ ቺፕ ይዞ ጥሩ ድምፅ ማውጣት የተጀመረው እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ነው።

ፋብሪካው የተወውን ደግሞ ሌሎች ቀጠሉት። በ1980ዎቹ ሜሪዲያን የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት የፊሊፕስን ማጫወቻ ወስዶ ውስጡን አሻሽሎ በራሱ ስም ሸጠ። በየአገሩም መበየጃ ያላቸው ሰዎች የማጫወቻቸውን ክዳን ከፈቱ። እነዚህ ሰዎች ደጋግመው ሁለት ቦታ ላይ አተኮሩ፦ መብራቱ የሚገባበትና ድምፁ የሚወጣበት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዲኮደር ቺፕ ድምፁን የሚሠራው ከሚሰጠው ኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ካልጠራ ድምፁም አይጠራም። ዱቄቱ አሸዋ ካለበት እንጀራው አሸዋ አለበት፣ ምጣድ ቢቀየር ምን ዋጋ አለው? በመውጫው ላይ ደግሞ ካፓሲተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ትቀመጣለች። ሥራዋ ድምፁን አሳልፋ ቀጥታውን ኤሌክትሪክ ማገድ ነው። በጣም ትንሽ ከሆነች ግን ወፍራሙን ድምፅም አብራ ታስቀረዋለች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እምነትም ሆነ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጃፓን ውስጥ ሪዮሄይ ኩሱኖኪ የሚባል ሰው፣ ፊሊፕስ የተመካበትን ማጣሪያ ጭራሽ አውጥቶ መጣል ይሻላል ብሎ በመጽሔት ጻፈ። ብዙ ተከታይ አገኘ። በእርግጥ ሥራው ቀለለ፣ ርካሽ ቺፕም በቃው። ነገር ግን ያለ ማጣሪያው ቀጭኑ ድምፅ ይደክማል፣ ያም በመሣሪያ ይለካል። ለአንዳንዱ ሰው ልስላሴ ነው፣ ለሌላው ጉድለት። ሌሎች ደግሞ ድምፅ አጉሊ ቺፕ መለዋወጥን ሥራ አደረጉት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኤንኢ5532 የሚባለው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለ ርካሽ ቺፕ በታላላቅ ስቱዲዮዎች የድምፅ መቀላቀያ ውስጥ በብዛት ሠርቷል። አንድ ዘፈን እኛ ጋ እስኪደርስ በእንደዚህ ዓይነት ቺፕ ብዙ ጊዜ አልፎ ሊሆን ይችላል። መጨረሻ ላይ አንዷን በውድ መቀየር የሚያመጣው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ በጆሮ አይለይም።

ይህን ካነበብን በኋላ ወደ ራሳችን ሳጥን መጣን። መጀመሪያ ምንም ሳንከፍት ቻርጀሩን ነቅለን በፓወር ባንክ አሠራናት። እዝዝታው በአንድ ጊዜ ጠፋ። ጥፋቱ የርካሹ ቻርጀር ነበር ማለት ነው። በፓወር ባንክ መሥራቷ ሌላም ጥቅም አለው፤ መብራት ከኢሽቲራክ ወደ መንግሥት ሲቀያየር ሳጥኗ አትጠፋም። ቀጥሎ ኤሌክትሮኒክስ የተማረች አንዲት እህታችን ክዳኑን ከፈተች። መውጫው ላይ ያሉት ካፓሲተሮች 0.1 ማይክሮፋራድ ብቻ ነበሩ። የኛ አምፕሊፋየር መግቢያው 10 ሺህ ኦም ስለሆነ፣ ሲሰላ ከ160 ኸርዝ ገደማ በታች ያለው ድምፅ እየደከመ ይሄዳል። የወንድ ድምፅ መሠረቱ ደግሞ በአብዛኛው እዚያ ሥር ነው። በ10 ማይክሮፋራድ ተካቻቸው። ዋጋቸው ከአንድ የታክሲ ሰርቪስ አይበልጥም። አባቶች ድምፃቸው ተመለሰ። ጠጋኙ የጠየቀውን ቺፕ አልነካነውም።

ለውጡ የምኞት እንዳይሆን ደግሞ ፈተንነው። ያልተነካች ሁለተኛ ሳጥን ከጎን አድርገን፣ የሁለቱን ድምፅ መጠን እኩል አስተካክለን፣ የትኛዋ እንደተሰካች ሳናይ ሰማን። መጠኑን እኩል ማድረግ የግድ ነው፤ ትንሽ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ሁላችንም ደጋግመን ለየናት።

ልትሞክሩ ለምትፈልጉ፦ ክዳን የሚከፈተው ገመዱ ሁሉ ከተነቀለ በኋላ ነው። በ5 ቮልት የምትሠራዋን ሳጥን እንጂ ግድግዳ ላይ የሚሰካውን ቻርጀር በጭራሽ አትክፈቱ፣ እሱ ይገድላል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ካፓሲተር ተገልብጣ ከተበየደች ልትፈነዳ ትችላለች። የማዳም ዕቃ ላይ ደግሞ አትሞክሩ፤ ብታሻሽሉትም «አበላሸሽ» ተብሎ ከደመወዝ ይቆረጣል።

አንድ ነገር ግን የትኛዋም ሳጥን አትችልም። ካሴቱ ላይ የጠፋውን ድምፅ ዲኮደር አይመልሰውም። ሪቭስ እንዳሰበው ቁጥር በተገለበጠ ቁጥር አያረጅም፣ የካሴት ክር ግን ዝም ብሎ ተቀምጦም ያረጃል። ስለዚህ ካሴት ያላችሁ፣ ለሳጥን ከመጨነቃችሁ በፊት ዘንድሮ አስገልብጡት። ሳጥኗን ቀስ ብለን እናሻሽላታለን።