የእንስሳት መድኃኒትና የተሕዋስያን መበርታት፤ በእንግሊዝና በዴንማርክ

በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው ለእንስሳት የተሰጠ መድኃኒት የሰውን መድኃኒት እንዴት ኃይል ሊያሳጣ እንደቻለ ነው። ዓመታቱን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

እንግሊዝ ፔኒሲሊንና ቴትራሳይክሊን በአሳማና በዶሮ መኖ ውስጥ በጥቂቱ እንዲቀላቀሉ በ1953 ዓ.ም. በሕግ ፈቀደች። ዓላማው በሽታን ማዳን ሳይሆን እንስሳቱን ቶሎ ማሳደግ ነበር። ይሁን እንጂ ጥቂት መድኃኒት ደካማውን ተሕዋስ ሲገድል ብርቱውን ይተወዋል፤ የተረፈውም ያለ ተቀናቃኝ ይራባል።

ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ ሳልሞኔላ የተባለው ተሕዋስ በእንግሊዝ ጥጆች ላይ በረታ። ነጋዴዎች ገና የተወለዱትን ጥጆች ከየገበያው እየሰበሰቡ በአንድ በረት ካጐሩ በኋላ ወደ ሩቅ እርሻ ይልኩ ስለ ነበር፣ በሽታው አብሮ ተጓዘ። ለታመመውም ላልታመመውም መድኃኒት በተሰጠ ቍጥር ተሕዋሱ አንዱን መድኃኒት ከሌላው አስከትሎ ተቋቋመ። ሰዎችም ታመሙ። ይህን የመረመሩት የለንደኑ ሊቅ ኢ. ኤስ. አንደርሰን፣ የመቋቋም ኃይል ከወላጅ ወደ ልጅ ብቻ እንደማይወረስ አስረዱ፤ አንዱ ተሕዋስ ከወገኑ ላልሆነው እንኳ ያቀብለዋልና።

በዚህ ምክንያት በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመውና ማይክል ስዋን የመሩት ኮሚቴ፣ ለሰው ሕክምና የሚያገለግል መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለማሳደጊያ እንዳይሰጥ በ1969 ዓ.ም. መከረ። ምክሩ መልካም ቢሆንም ጕድለቱ ኋላ ታየ። ይኸውም ለእንስሳት ብቻ ነው የተባለው አቮፓርሲን፣ ለሰው የመጨረሻ መጠጊያ ከሆኑት መድኃኒቶች አንዱ ከሆነው ከቫንኮማይሲን ጋር የቅርብ ዝምድና ነበረው። ስለዚህ አንዱን የተቋቋመ ተሕዋስ ሁለተኛውንም ተቋቋመ። ዴንማርክ በ1995፣ የአውሮፓ ኅብረት በ1997 ዓ.ም. አቮፓርሲንን ከለከሉ።

ክልከላው በዴንማርክ ዶሮዎች ላይ ቶሎ ፍሬ አሳየ፤ በአሳማዎች ላይ ግን ዘገየ። ምክንያቱም ቫንኮማይሲንን ለመቋቋም የሚያስችለው ጂንና ታይሎሲን የተባለውን መድኃኒት ለመቋቋም የሚያስችለው ጂን ተያይዘው ይተላለፉ ነበር። ለአሳማ የሚሰጠው ታይሎሲን በ1998 ዓ.ም. ሲቀነስ የቫንኮማይሲኑም መቋቋም ቀነሰ።

እንግዲህ ሕግ አውጪዎች መድኃኒትን «የሰው» እና «የእንስሳ» ብለው መክፈላቸው ብቻውን አልበቃም። ተሕዋስ የመድኃኒቱን ባሕርይ እንጂ ስሙን አይለይም። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ዐይነት የማሳደጊያ መድኃኒት በሙሉ የከለከለው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ ከስዋን ምክር በኋላ 36 ዓመት አልፎ ነበር። በእኛ አስተያየት የዚህ ታሪክ ዋና ትምህርት፣ የበረቱና የሐኪም ቤቱ ጤና በአንድነት መጠበቅ እንዳለበት ነው።