የፀረ ድባቴ መድኃኒቶች ማስጠንቀቂያ

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች በልጆች፣ በታዳጊዎችና በወጣቶች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብና ድርጊት ሊጨምሩ እንደሚችሉ ለማሳወቅ በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ በጥቁር መስመር ታጥሮ እንዲታተም ያዘዘው ማሳሰቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሲታዘዝ መነሻው ከ4,400 በላይ ልጆችና ታዳጊዎች የተሳተፉባቸው 24 ሙከራዎች ነበሩ፤ ሐሳቡ ወይም ድርጊቱ መድኃኒቱን ከወሰዱት 4 በመቶ፣ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 2 በመቶ በሚሆኑት ላይ ታይቷል። በሙከራዎቹ ራሱን ያጠፋ ተሳታፊ አልነበረም፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ ነው። በ2007 ማስጠንቀቂያው እስከ 24 ዓመት ያሉትን ወጣቶች እንዲያካትት ሰፋ። 65 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ታካሚዎች ግን አደጋው ቀንሶ ተገኝቷል። ድባቴው ራሱ ለዚሁ አደጋ ስለሚያጋልጥ ማስጠንቀቂያው መድኃኒቶቹን አይከለክልም፤ በተለይ በሕክምናው የመጀመሪያ ወራትና መጠኑ ሲቀየር የቅርብ ክትትል እንዲደረግ ያዛል።