ሻምበል አበበ ቢቂላ በተንቀሳቃሽ ሥዕል መዝገብ

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ. ም. የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበረ። የሸዋ ሰው የእንቍጣጣሽን ችቦ በየደጃፉ በሚያበራበት በዚያ ምሽት፥ በሮማ ከተማም በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ የኢጣልያ ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው ነበር። በዚያ ብርሃን መካከል፥ ደረቱ ላይ 11 ቍጥር የለጠፈ አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር በባዶ እግሩ ሲሮጥ ታየ። ስሙን ከዚያ ቀን በፊት የሚያውቅ የውጭ አገር ሰው ጥቂት ነበረ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጽሞ በቈስጠንጢኖስ የድል በር ሥር ሲደርስ ግን፥ በማራቶን ከዚያ በፊት ማንም ያልሮጠውን ፍጥነት አስመዝግቦ፥ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቍር አፍሪካዊ ሆነ።

ይህን ሩጫ ሮሞሎ ማርቼሊኒ የተባለው ኢጣልያዊ ባዘጋጀው የሮማ ኦሊምፒክ ፊልም ውስጥ ልናየው እንችላለን። ሥዕሉን በጥሞና የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ከአበበ ጎን የሚሮጠው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም የለጠፈው ቍጥር 185 ነው። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ግን አበበን «26 ቍጥርን ተጠንቀቅ» ብሎት ነበርና፥ አበበ ተቀናቃኙ አጠገቡ እያለ ሌላውን ወደ ፊት ሲፈልግ ብዙ መንገድ ሄዷል። በመጨረሻ ጥሎት የሄደው ከአክሱም ተወስዶ በዚያ በቆመው ሐውልት አካባቢ መሆኑን ስናስብ፥ ነገሩ ከእሽቅድምድም ታሪክነት ያልፋል። የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ከገባ ገና 24 ዓመቱ ነበር። ሐውልቱ ራሱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ. ም. ነው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ. ም. በመንዲዳ አቅራቢያ ጃቶ በተባለች መንደር ነው። ከብት ጠብቆ፥ ገና ተጫውቶ አደገ፤ የገናን ጨዋታ የሚያውቅ የደጋ ሰው፥ ቀኑን ሙሉ ሩር ተከትሎ መሮጥ ሳንባን እንዴት እንደሚያሰፋ ማስረጃ አያሻውም። የደብረ ብርሃን ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣልና።

ከፊልሞቹ ሁሉ በላጩ ኮን ኢቺካዋ በ1957 ዓ. ም. ለሕዝብ ያቀረበው የቶክዮ ኦሊምፒክ ፊልም ነው። የጃፓን መንግሥት ሥራውን አስቀድሞ ለአኪራ ኩሮሳዋ አስቦ ነበር፤ በኋላ ለኢቺካዋ ሰጠው። ኢቺካዋም ከሩቅ አቅርቦ የሚያሳይ የካሜራ መነጽር ተጠቅሞ፥ የአሸናፊዎችን ዝርዝር ከማሳየት ይልቅ የሰውን ፊት ለማሳየት ፈለገ። ሥራው ሲያልቅ ሹማምንቱ አልተደሰቱም፤ «ይህ መዝገብ ነው ወይስ የጥበብ ሥራ?» የሚል ክርክር ተነሣ። ለእኛ ግን ይህ ክርክር ጠቅሞናል። የአበበ ፊት ያለ አንዳች መጨማደድ፥ ላቡ ብቻ እየወረደ፥ ዓይኑ ከፊቱ ካለው መንገድ ሳይነቀል በዝግታ ሲያልፍ የምናየው በዚህ ሥራ ነውና። በተወዳዳሪዎች ዝርዝር ላይ ይህ አይገኝም።

በሌላ በኩል የውጭ አገር ሰዎች ስለ አበበ ሲናገሩ ባዶ እግሩን አብዝተው ያነሣሉ፤ ድህነትን ወይም የዱር ሰውነትን የሚያሳይ ምልክት አድርገው የሚቈጥሩትም አልታጡም። እኔ ይህን አልቀበለውም። በሮማ የገዛው አዲስ ጫማ አልስማማው ብሎ እግሩን ስላቈሰለው፥ ያለ ጫማ መሮጥን መረጠ፤ ነገሩ የወታደር ውሳኔ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ. ም. በቶክዮ የሮጠው ጫማ አድርጎ ነው፤ ያም ሩጫ ከሮማው ይበልጣል። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፥ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ ሁለተኛውን እንግሊዛዊ ባሲል ሂትሊን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀደመው። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት አልነበረም። ከገባም በኋላ በሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ስታዲዮሙ ሁሉ ተደነቀ።

ስለዚህ ድል የመቶ አለቅነት ማዕረግና አንዲት ነጭ ቮልስ ዋገን ከንጉሠ ነገሥቱ ተሰጠው። በጥቅምት 1961 ዓ. ም. በሜክሲኮ ከጉዳቱ የተነሣ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ሲያቋርጥ፥ ድሉን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ. ም. ሌሊት ያች መኪና ተገለበጠች። እንዴት እንደ ሆነ የሚነገረው ልዩ ልዩ ነው። ሮማና ቶክዮ በመቶ በሚቈጠሩ ካሜራዎች ፊት የተፈጸሙ ሲሆኑ፥ ይህ ሌሊት ምንም ካሜራ አላየውም፤ አበበ ከመኪናው የወጣው በማግሥቱ ጠዋት ነው። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ታከመ፤ ንግሥት ኤልሳቤጥም ጎበኙት። እጆቹ ሲድኑ እግሮቹ አልዳኑም።

ብዙዎቹ ተራኪዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጉታል፤ እንደ እኔ አሳብ ግን ትልቁ ነገር ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። በ1962 ዓ. ም. በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በስቶክ ማንደቪል ጨዋታ ቀስት ወረወረ። በሚያዝያ ወር 1963 ዓ. ም. በኖርዌይ በረዶ ላይ ውሾች በሚስቡት ተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ፥ 16 ተወዳዳሪዎች በነበሩበት አንደኛ ወጣ። በረዶ ከማያውቅ አገር የመጣ፥ ከወገቡ በታች የማይንቀሳቀስ ሰው ነው ይህን ያደረገ። ራሴላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል በ2001 ዓ. ም. «አትሌቱ» ብለው ያወጡት ፊልም፥ የጥንቱን ሥዕል ከትወና ጋር አዋሕዶ፥ ሌሎች የተዉትን ይህን ዘመን ወደ ፊት ማምጣቱ ያስመሰግነዋል። ራሴላስ አበበን ሆኖ ሠርቶበታል።

ሻምበል አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ. ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ቀብሩ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲፈጸም ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ተገኙ። ማሞ ወልዴም በግንቦት 1994 ዓ. ም. በሞተ ጊዜ በዚሁ በቅዱስ ዮሴፍ ተቀበረ።