ትርጓሜ በሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ

በሒሳብ ትርጓሜ ማለት አንድ ቃል የሚይዘውንና የማይዘውን ለይቶ የሚያስቀምጥ ስምምነት ነው። መዝገበ ቃላት ሰው ቃሉን እንዴት እንደሚጠቀምበት ይመዘግባል፤ የሒሳብ ትርጓሜ ግን «ከእንግዲህ ቃሉ ይህን ብቻ ይሁን» ብሎ ይቆርጣል። የሚቆርጠው በዘፈቀደ አይደለም። 1 ከብቸኛ ቁጥሮች ለምን እንደወጣ እንይ። 12 በብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ሲጻፍ 2 × 2 × 3 ነው፤ ቅደም ተከተሉ ካልተቆጠረ ሌላ አጻጻፍ የለውም። 1 ብቸኛ ቁጥር ቢባል ግን 1 × 2 × 2 × 3፣ 1 × 1 × 2 × 2 × 3 እያልን ማቆሚያ እናጣለን። ስለዚህ የብቸኛ ቁጥር ትርጓሜ «ከ1 የሚበልጥ፣ በ1ና በራሱ ብቻ ያለ ቀሪ የሚካፈል ሙሉ ቁጥር» ይላል። «ከ1 የሚበልጥ» የምትለውን ሐረግ ተማሪው ብዙ ጊዜ ይዘላታል፤ የአንድ አጻጻፍ ሕግ የቆመው ግን በእሷ ነው።

በከምባታ ዞን በምትገኘው ሺንሺቾ ጉዳዩ የቋንቋ ገጽም አለው። የከምባታ ልጅ አፉን የሚፈታው በላቲን ፊደል በሚጻፈው በከምባትኛ ነው፤ አማርኛን ከቢሮና ከገበያ ይሰማል፤ በሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ለአንደኛ ደረጃ፣ እንግሊዝኛን ለሁለተኛ ደረጃ መድቦ ነበርና። ፈተናው በእንግሊዝኛ ከሆነ ትርጓሜውን በእንግሊዝኛ ሸምድዶ መያዝ አይሻልም ወይ የሚል አለ። ክርክሩ ውሃ የሚያነሳው ፈተናው ትርጓሜውን ቃል በቃል ቢጠይቅ ነበር። ጥያቄው ግን ቃሉ የሚያርፍበትንና የማያርፍበትን መለየት ነው፤ ይህ ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን በምሳሌ ካልሆነ አይገባም። እያንዳንዱ ቋንቋም የራሱ ወጥመድ አለው፦ በአማርኛ «ዝምድና» ስንል እኔ ዘመድህ ከሆንኩ አንተም ዘመዴ ነህ፤ በሒሳብ ግን 5 ከ3 ይበልጣል፣ 3 ግን ከ5 አይበልጥም፤ ይህም ዝምድና ነው።

ከዝምድናዎች አንዱን፣ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ውጤት ብቻ የሚሰጠውን ፋንክሽንን፣ በተማሪዎች የውጤት ዝርዝር ማየት ይቻላል። ሁለት ተማሪዎች እኩል 70 ቢያመጡ ፋንክሽንነቱ አይነካም፤ በአንድ ተማሪ ስም በአንድ ፈተና 70ም 80ም ቢሞላ ግን ዝርዝሩ ፋንክሽን መሆኑ ይቀራል። ይህን የጨበጠ ተማሪ √9 ለምን 3 ብቻ እንደሆነ ይገባዋል። በራሱ ተባዝቶ 9 የሚሰጠው ቁጥር 3 ወይም -3 ነው፤ ምልክቱ ግን ለአንድ ቁጥር አንድ መልስ እንዲሰጥ ስለተፈለገ አሉታዊ ያልሆነው ተመረጠ።

ትርጓሜ ስምምነት ከሆነ ታዲያ ሰው በሌላም ሊስማማ ይችላላ? ይችላል። ባለ አራት ጎኑን ትራፒዚየም አንዳንዱ መጽሐፍ «አንድ ጥንድ ትይዩ ጎኖች ብቻ ያሉት»፣ ሌላው «ቢያንስ አንድ ጥንድ ያለው» ይለዋል፤ በሁለተኛው ፓራለሎግራምም ትራፒዚየም ነው። ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ስህተት የሚሆነው በአንዱ ጀምሮ በሌላው መጨረስ ነው። ከ0 ጋር ግን ድርድር የለም። ንጥጥር ቁጥር በሀ/ለ ሲገለጽ «ለ» ዜሮ አይሆንም፦ 6/0 መልስ ቢኖረው ያ መልስ በ0 ተባዝቶ 6 መስጠት ነበረበት፣ የሚሰጥ ቁጥር የለም፤ 0/0 ላይ ደግሞ ማንኛውም ቁጥር መልስ ልሁን ይላል።