«ብርቅ ነው» ተብሎ የተረሳው በሽታ

ወላጆቻችን ደም ግፊትን «ደም ብዛት» ይሉታል። ሐኪሞች ደግሞ «የጨመረው ግፊቱ እንጂ ደሙ አይደለም» እያሉ ስሙን ሲያርሙ ኖረዋል። ለአብዛኛው ታማሚ እርማቱ ትክክል ነው። ነገር ግን የድሮው ስም በደንብ የሚገልጸው አንድ የደም ግፊት ዓይነት አለ። በዚህ ዓይነት ሰውነት ጨውና ውኃ ያከማቻል፤ በደም ሥር ውስጥ የሚዘዋወረውም ፈሳሽ ከልኩ ያልፋል። የዛሬው ጽሑፍ የዚህ በሽታ ታሪክ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ አድሬናል የሚባሉ ሁለት ትንንሽ እጢዎች አሉ። እጢዎቹ የተወሰዱበት እንስሳ ጨው ከሰውነቱ እየወጣ እንደሚሞት ከድሮም ይታወቅ ነበር። ጨው ያዡ ንጥረ ነገር ግን ምን እንደሆነ አልታወቀም። ለንደን በሚገኘው ሚድልሴክስ ሆስፒታል ሲልቪያ ሲምፕሰንና ጄምስ ቴት የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ ያዙ። ከስዊዘርላንዱ የኖቤል ተሸላሚ ታዴዎስ ራይክሽታይን ቡድን ጋር ሆነው በ1953 መልሱን አገኙ። ከ500 ኪሎ የከብት እጢ፣ በእኛ ልኬት ከአምስት ኩንታል ማለት ነው፣ የወጣው ንጹሕ ንጥረ ነገር 21 ሚሊግራም ብቻ ነበር። በሁለት ጣት ከሚቆነጠር ጨው ያንሳል። በኋላ አልዶስቴሮን ተባለ።

ሥራው ቀላል ነው። ኩላሊትን «ሶዲየሙን አስቀር፣ ፖታሲየሙን አስወጣ» ብሎ ያዛል። ውኃም ጨውን ይከተላል። አሞሌ ገንዘብ የነበረበትን ዘመን የምናውቅ እኛ ጨው ማትረፍ ለሰው ልጅ ምን ያህል ትልቅ ጉዳይ እንደነበር አይጠፋንም። ችግሩ የሚመጣው እጢው ማንም ሳያዝዘው ማምረት ሲቀጥል ነው።

ይህን መጀመሪያ ያየው በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ዶክተር ጀሮም ኮን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች በሙቀት አገር ሲላመዱ በላባቸው የሚወጣው ጨው ለምን እንደሚቀንስ ያጠና ነበር። በ1954 አንዲት የ34 ዓመት ሴት ወደ እሱ ተላከች። ለሰባት ዓመታት ጡንቻዋ በድንገት ይዝልባት ነበር፤ ደም ግፊቷ ከፍተኛ፣ ፖታሲየሟ ደግሞ ዝቅተኛ ነበር። ኮን ላቧን ሲመረምር ጨው የለውም ለማለት ይቻላል። ነገሩ ወዲያው ገባው፦ ከእጢዋ አልዶስቴሮን እየጎረፈ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በቀዶ ሕክምና ከቀኝ አድሬናሏ 4 ሴንቲሜትር የሚያህል ዕጢ ወጣላትና ዳነች።

አስቡት፤ እስከ ሕይወት ፍጻሜ ይወሰናል ከሚባለው ደም ግፊት በቀዶ ሕክምና መዳን!

ኮን በዚህ አላቆመም። በ1960ዎቹ «መነሻው አይታወቅም» ከሚባለው የደም ግፊት ውስጥ እስከ 20 በመቶው የዚህ በሽታ ውጤት ሊሆን ይችላል አለ። ብዙዎች አጋነነ አሉት። በሽታው ከ100 ታማሚ አንዱን እንኳ አያገኝም ተባለ፤ የሕክምና ተማሪዎችም ለአሥርት ዓመታት እንዲያው ተማሩ።

ለምን? የሚፈለገው ፖታሲየማቸው በወረደ ታማሚዎች ላይ ብቻ ስለነበረ ነው። ዛሬ እንደምናውቀው የብዙዎቹ ፖታሲየም ጤናማ ነው። መረቡ ትልልቁን ዓሣ ብቻ እየያዘ «ሐይቁ ባዶ ነው» ተባለ።

ነገሩ የተለወጠው መለኪያው ሲለወጥ ነው። በጤናማ ሰው አልዶስቴሮን የሚመረተው ኩላሊት ሬኒን በተባለ መልእክተኛ ሲጠራው ነው። ሬኒኑ ተኝቶ አልዶስቴሮኑ ከፍ ካለ እጢው በራሱ ፈቃድ እየሠራ ነው ማለት ነው። በ1981 የጃፓን ሐኪሞች ሁለቱን ማነጻጸር ጀመሩ። በ1990ዎቹ የአውስትራሊያዋ ብሪዝበን ሐኪሞች ምርመራውን ፖታሲየማቸው ላልወረደ ታማሚዎችም ሲያደርጉት «ብርቅ» የተባለው በሽታ በብዛት ተገኘ። ዛሬ ከደም ግፊት ታማሚዎች ከ5 እስከ 10 በመቶው፣ በብዙ መድኃኒት አልወርድ ካላቸው መካከል ደግሞ እስከ 20 በመቶ ድረስ እንደሚሆኑ ይገመታል። ኮን በ1994 ሲሞት ክርክሩ ገና አልተዘጋም ነበር።

ጉዳቱም ከግፊቱ ያልፋል። ትርፍ አልዶስቴሮን ልብን ያደድራል፣ ጠባሳ ያበዛበታል። ስለዚህ ግፊታቸው እኩል ከሆነ ሌሎች ታማሚዎች ይልቅ እነዚህ ሰዎች ለስትሮክና ለልብ ምት መዛባት የበለጠ ይጋለጣሉ። በ1999 ራልስ የተባለው ጥናት ከባድ የልብ ድካም ላለባቸው 1,663 ሰዎች ስፓይሮኖላክቶን የተባለውን የአልዶስቴሮን ተቃራኒ መድኃኒት ወይም ባዶ ክኒን ሰጠ። መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ የሞት አደጋ በ30 በመቶ ስለቀነሰ ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆመ። መድኃኒቱ ያኔም የ40 ዓመት ዕድሜ ያለው ርካሽ ክኒን ነበር። ጥናቱን የመራው በርትራም ፒትም እንደ ኮን የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ነበር።

በ2025 የአሜሪካው የኢንዶክራይን ማኅበር ደም ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ ለዚህ በሽታ እንዲመረመር ሐሳብ አቀረበ። ኮን ከተናገረ ከ60 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከዚህ ታሪክ እኔ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ያልመረመርነውን ነገር «የለም» ማለት እንወዳለን፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ታማሚው ነው። በየቤታችን ሦስት ዓይነት ክኒን እየዋጡ ግፊታቸው አልወርድ ያላቸው እናቶችና አባቶች አሉ። «ጨው አልተዉም»፣ «መድኃኒቱን በሥርዓት አይወስዱም»፣ «ይበሳጫሉ» እየተባሉ ይወቀሳሉ። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የአንዲት ትንሽ እጢ ነው።

ምርመራው በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ መጠየቅ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። «ዶክተር፣ አልዶስቴሮን ይሆን እንዴ?» በሉ። ስፓይሮኖላክቶንን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳትጀምሩ፤ ፖታሲየምን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ልብን ሊያቆም ይችላል።

ግፊቱ አልወርድ ያለው ሰው የምታውቁ ይህን አድርሱለት።